የዔሊ ዓይን በጎዳና ላይ

ካህኑ ዔሊ በሴሎ ቤተ መቅደስ መቃን አጠገብ ተቀምጦ፣ በኅሊናዋ የምትጸልየውን ሐናን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ግን ሳይሰማ ቢያይ፣ የሰከረች መስሎት እንደ ገሠጻት የመጽሐፈ ሳሙኤል አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። በአሜሪካ አገር መንገድ ዳር ስለሚደረገው የስካር ፈተና ባሰብሁ ቁጥር የዚህ አረጋዊ ካህን ስሕተት ትዝ ይለኛል።

ፖሊሱ በመጀመሪያ እስክሪብቶ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ የተጠርጣሪውን ብሌን መንቀጥቀጥ ይመለከታል፤ ቀጥሎ ሰውየው የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጫፍ እያገጣጠመ 9 እርምጃ ሄዶ በዚያው ይመለሳል፤ በመጨረሻም አንድ እግሩን አንሥቶ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» እያለ 30 ሴኮንድ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ጥናት ለዓይኑ 77፣ ለእርምጃው 68፣ ለአንድ እግሩ 65 ከመቶ ትክክለኛነት ሰጥቷል፤ በኋላ በሳንዲያጎ የተደረገው ቁጥሩን ከፍ ቢያደርገውም፣ ከተፈተኑት የሚበዙት በእርግጥ የጠጡ ነበሩ። የጾመኛው ዕጣ ምን ይሆን ለሚል ግን መልሱ በ1994 ተገኝቷል፤ ተመራማሪው ስፐርጀን ኮልና ባልደረባው የመጠጥ ጠብታ ያልቀመሱ 21 ሰዎችን ሲፈተኑ በፊልም ቀርጸው ለ14 ፖሊሶች ቢያሳዩአቸው፣ ከተሰጠው ብያኔ 46 ከመቶው ሰውየው መኪና መንዳት እስከማይችል ድረስ ጠጥቷል የሚል ሆነ።

ይህም አያስደንቅም። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ወገቡ የደረቀውን፣ ዕድሜው ስድሳ ያለፈውን የዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ወገናችንን አስቡት፤ ቀይና ሰማያዊው መብራት ዓይኑን እየወጋው፣ ከባድ መኪና በአጠገቡ እየገሠገሠ፣ ትእዛዙን በሁለተኛ ቋንቋው ሰምቶ፣ በፍርሃት በሚንቀጠቀጥ ጉልበት ሲቆም፣ የሚለካው መጠጡ ነው ወይስ እርግናው፣ ደዌው፣ ድንጋጤው? የፖሊሶቹ መመሪያ ራሱ ከ65 ዓመት በላይ የሆነው፣ ወገቡን፣ እግሩን ወይም የውስጥ ጆሮውን የሚያመው በዚህ ፈተና እንደሚቸገር ይናገራል።

እኔ ለሰካራም ነጂ ጥብቅና አልቆምም፤ በመሪ ላይ የተቀመጠ ስካር ስንቱን ቤት እንደዘጋ የማያውቅ የለም። ፈተናው ጥርጣሬን አስነሥቶ ወደ ትንፋሽና ወደ ደም ምርመራ ቢያደርስ መልካም ነው፤ ብቻውን ስምዕ ሆኖ በችሎት ሲቀርብ ግን ርቱዕ ዳኛ ሊኰንንበት አይገባም። ዔሊ እንኳ ሐና ስትመልስለት ሰምቶ በሰላም አሰናብቷታል።

አንተም ነጂ ወንድሜ፣ ጉልበትህ የሚያምህ ወይም ትእዛዙ ያልገባህ እንደ ሆነ፣ እግርህን ከማንሣትህ በፊት ተናገር።