እሬቱ ለፊት ነው ወይስ ለሆድ?

ጥያቄ፦ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ እየሸጥኩ የምኖር የ24 ዓመት ባለትዳር ነኝ። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ስሆን ፊቴን ማድያት ወረሰው፤ ሆዴም እየደረቀ ተቸገርኩ። ባለቤቴ ቀና ብሎ ባየኝ ቁጥር እሸማቀቃለሁ። ጎረቤቴ «እሬት ተቀቢ፤ ጭማቂውንም በባዶ ሆድሽ ጠጪ፣ ሁለቱም ይለቅሻል» ብላ ቅጠሉን ገዝታ አመጣችልኝ። ልጠጣው ወይ? እባካችሁ ምከሩኝ።
ጭንቅ የያዘኝ፣ ከመርካቶ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳንም ሳትጠጪው ጻፍሽልን። አትጠጪው!

እሬት ቅጠሉ አንድ ቢሆንም በውስጡ ያለው ሁለት ነው። ከቆዳው ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ እናቶች ጡት ለማስጣል የሚቀቡት ያ መራራ ነው። ሲጠጣ አንጀትን ቆርጦ ያስቀምጣል፣ የሰውነትን ውኃና ጨው ያሟጥጣል። ማኅፀንን ሊያኮማትር ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ለነፍሰ ጡር አይፈቀድም። አሜሪካኖች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2002 ከዚህ ፈሳሽ የተሠሩና ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ የሆድ ማለስለሻዎች ከገበያ እንዲወጡ አድርገዋል።

ለቆዳ የሚሆነው መሀል ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነው። እሱም ቢሆን ከየትኛው እሬት? ዕፅዋት አጥኚዎች ድሮ ከሊሊ አበባ ቤተሰብ ይቆጥሩት የነበረው ይህ ተክል በአገራችን ብቻ ከ40 የማያንስ ዝርያ አለው። ለቅባት ስሙ የገነነው አሎ ቬራ ግን ከዐረብ ምድር የመጣ ነው። ሁሉም እሬት እንደሱ ነው ብለሽ ፊትሽን አትስጪ። የምታውቂው አሎ ቬራ ከሆነ ቅጠሉን ቆርጠሽ ቁልቁል አቁሚው፤ ቢጫው ተንጠባጥቦ ሲያልቅ አጥበሽ ላጪው። መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ትንሽ ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ። ካሳከከሽ ተይው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እሬት ደረቅ ቆዳ ያለሰልሳል እንጂ ማድያት ነቅሎ አይጥልም። ያንቺ ማድያት እርግዝናው ያመጣው ሳይሆን አይቀርም፤ ፀሐይ ደግሞ ያብሰዋል። ከሱቅ ስትወጪ ጥላ ያዢ። ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ እየደበዘዘ ይሄዳል። ማንጫ ክሬም ግን እንዳትነኪ። ለሆድሽ ውኃ አብዢ፣ ፍራፍሬና ጎመን ብዪ፤ ካልተሻለሽ በእርግዝና ክትትልሽ ላይ ለሐኪምሽ ንገሪያት።

ጎረቤትሽንም አትቀየሚያት፤ አስባልሽ ነው። ለባለቤትሽ ደግሞ ዝም አትበይው። ያ ፊትሽ ላይ የሚያየው ነገር የመጣው ከገዛ ልጁ ጋር መሆኑን ንገሪው።