መምህሩን ያደከመው ምንድን ነው?

በዩኒቬርሲቲ ግቢ የሚያልፍ መንገደኛ ዛፉንና መጽሐፍ ይዞ የሚመላለሰውን ወጣት አይቶ፣ «እዚህ የሚሠራ ሰው ምንኛ ታድሏል!» ሳይል አይቀርም። እኛም እንዲሁ እንል ነበር። ነገር ግን በፈተና ሰሞን ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መብራቱ ያልጠፋ የመምህራን ቢሮ አንኳኩቶ የገባ ሰው ቃሉን መልሶ ለማንሣት ይገደዳል።

የአንድ ወጣት መምህር የሳምንት የማስተማሪያ ሰዓት በወረቀት ሲታይ ጥቂት ይመስላል። ወረቀቱ የማይናገረው የሚታረመውን የፈተና ክምር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዘው በር ላይ የሚጠብቁትን ተማሪዎች፣ ሪፖርቱንና የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ነው። በ2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በየዩኒቬርሲቲው ግቢ መሰጠት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና መጣ። ሁለቱም ለትምህርቱ ጥራት የታሰቡ ናቸውና አንነቅፋቸውም፤ ዳሩ ግን አዲስ ሸክም ሲጫን ከአሮጌው የትኛው ይውረድ ብሎ መጠየቅ ይገባ ነበር። በዚህ ላይ ደመወዙ ወሩን አላደርስ ያለው መምህር በማታና በሰንበት በሌላ ኮሌጅ ያስተምራል። ይህ የእሑድ ጽሑፋችን ሲነበብ እንኳ ጠመኔ ይዞ የቆመ አይጠፋም።

የሬጅስትራሩንም ጸሐፊ አንርሳ። በምዝገባ ሰሞን ሰልፉ ከመስኮቷ እስከ ውጭው በር ይደርሳል። ኮምፒዩተሩ «ኔትወርክ የለም» ባለ ጊዜ ቍጣውን የምትቀበለው እርሷ ናት። ተማሪዎች ሆይ፣ ለመጀመሪያው ሰው የሰጠችውን ፈገግታ ለሁለት መቶኛው ብታጣው አትፍረዱባት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ይህን ዐይነቱን ድካም ከሥራ ጋራ የተያያዘ ሁኔታ እንጂ በሽታ አይደለም ሲል ገልጾታል፤ መነሻውም በአግባቡ ያልተያዘ የዘወትር የሥራ ጫና ነው። ምልክቶቹ የጕልበት ማለቅ፣ የልብ ከሥራው መሸሽና የብቃት መጕደል ናቸው። እኛን ይበልጥ የሚያስፈራን ሁለተኛው ነው። ጕልበቱ ያለቀ ሰው ቢያርፍ ይበረታ ይሆናል፤ ልቡ የሸሸ መምህር ግን በየጧቱ ክፍል ገብቶ የአምናውን ማስታወሻ ያነባል፣ የተማሪውን ጥያቄ በፌዝ ይመልሳል፣ ወረቀቱን በወጉ ሳያይ ውጤት ይሞላል። በስም መቈጣጠሪያው ላይ ሁልጊዜ አለ። ተማሪውም አራት ዓመት ተምሮ ሲወጣ ምን እንደ ጐደለበት እንኳ አያውቀውም።

እንግዲህ ነገሩን የሰውዬው ስንፍና ነው ብሎ ለመደምደም የሚቸኩል አለቃ የገበሬውን ልማድ ይመልከት። ገበሬ በሬውን ቀትር ላይ የሚፈታው በሬው ስለ ለመነው አይደለም፤ ነገም እንደሚያርስበት ስለሚያውቅ ነው። ተማሪ ማማከርና ፈተና ማረም በሥራ ሰዓት ይቈጠር። ዛሬ በቴሌግራም በእኩለ ሌሊት የሚላከው «በአስቸኳይ» የሚል ትእዛዝም እስኪነጋ ቢቈይ የሚጐዳው ነገር ጥቂት ነው። አንዳንዱ አስቸኳይ ደብዳቤ እኮ በላኪው ጠረጴዛ ላይ ሳምንት የከረመ ነው!

ነገ ሰኞ ጧት መምህርን በአዲስ ኮሚቴ ለመመደብ ብዕር የሚያነሣ ወጣት ሹም፣ ከመፈረሙ በፊት ለዚያ መምህር ቀድሞ የተሰጡትን ሥራዎች ዝርዝር ያስመጣ።