ሰብለ ወይስ የአያቷ ስም?

ለአንዲት ሕፃን ስም ማውጣት ቀላል ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ወንድ ልጅ እንደ ኾነ ስሙ ከርሱ ያልፋል፤ ልጆቹ ይጠሩበታል፥ የልጅ ልጆቹም እስከ መታወቂያ ወረቀታቸው ድረስ ይሸከሙታል። የሴት ልጅ ስም ግን ባገራችን ልማድ ከራሷ አያልፍም። ልጆቿ በአባታቸው ስም ይጻፋሉና የርሷ ስም ከርሷ ጋራ ይቀበራል። እንግዲህ የሴት ልጅ ስም ለዘር መጠሪያ ሳይኾን ለርሷ ለብቻዋ የሚሰጥ ስለ ኾነ፥ ከወንዱ ስም ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል እንላለን።

ይህን የምናነሣበት ምክንያት አለን። በሚዛን (አባቶቻችን ሚዛን ተፈሪ የሚሏት፥ በመንግሥት ወረቀት ሚዛን አማን የምትባለው፤ ከተማም እንደ ሰው ሁለት ስም አላት) ከግቢያችን ብዙ በማይርቅ ሠፈር ለአንድ ጓደኛችን ታላቅ እኅት ሴት ልጅ ተወልዳላታለች። እኅቲቱ የቤንች ተወላጅ ናት፤ ባለቤቷ ደግሞ ቤተ ሰቦቻቸው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከሠፈሩት ወገን ናቸው፤ ኑሯቸውም እንደ አብዛኛው ያገሩ ሰው በቡና ነው። አባትየው «እናንተ የመጽሐፍ ሰዎች ናችሁ፤ ከመጽሐፍ የተገኘ ስም ፈልጉላት» ሲሉ አደራ ሰጡን። እኛም አደራውን ተቀብለን በመኝታ ክፍላችን ሦስት ማታ ተከራከርን።

ከሁሉ በፊት የተነሣው ሰብለ ነው። ይህ ስም ከክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በፊትም ነበረ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት የዐፄ ልብነ ድንግል ባለቤት፥ የዐፄ ገላውዴዎስ እናት፥ እቴጌ ሰብለ ወንጌል ነበሩ። ነገር ግን መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፥ ይልቁንም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከተረከው ወዲህ፥ ሰብለ ሲባል እቴጌይቱን የሚያስብ ጥቂት ነው፤ ሁሉም በዛብህን ያስከትላል። ያገራችንን ሰው ጆሮ እንዲህ የያዘ ሌላ የሴት ስም በድርሰታችን ውስጥ አናውቅም። ትርጉሙም ለዚህ አገር ይስማማል፤ ሰብል ማለት ያው ከምድር የምንሰበስበው ነው፥ ልጅቱም የተወለደችው ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው።

ደራሲውም ቢኾኑ ለዚህ አገር እንግዳ አይደሉም። ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋራ ወደ ምዕራብ አፈግፍገው ሲዋጉ ቈይተው፥ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ከልዑልነታቸው ጋራ በጠላት እጅ ወድቀው ወደ ኢጣልያ ተግዘዋል። ከጅማ በቦንጋ በኩል ወደዚህ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ ያን ወንዝ በአውቶቡስ ይሻገረዋል፤ ይህን የሚያስታውስ ግን ስንቱ ነው?

ኾኖም አንዲት የክፍል ጓደኛችን፥ «መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብባችሁታልን?» ብላ ጠየቀች። ነገሯ እውነት አለው። ሰብለ ወንጌል አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን ባል ሲመርጡ ዕድሜዋ ያለፈባት፥ ከድኻ ልጅ ጋራ ፍቅር ይዟት የተሰደደች፥ በመጨረሻውም ከመቃብሩ አጠገብ መንኵሳ የኖረች ሴት ናት። ይህን ሁሉ ገና ሦስት ሳምንት ባለፋት ሕፃን ላይ መጫን ተገቢ ነውን? እኛ ግን በዚህ ክርክር አልተረታንም። ሰው ልጁን ሰብለ ሲል የሚመኝላት የሰብለን ዕድል ሳይኾን የሰብለን ልብ ነው። (ለወንድ ልጁ ጉዱ ብሎ ስም ያወጣ አባት ግን እስካሁን አላጋጠመንም፤ ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ዐዋቂው ጉዱ ካሣ ኾኖ ሳለ!)

ሌሎቹን ስሞች ባጭሩ እናልፋለን። ጦቢያ፥ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ወንድ መስላ የምትዞረው ልጅ፥ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ልጅ ናትና ክብር ይገባታል። ነገር ግን ስሟ ካገር ስም ጋራ ስለ ተቀላቀለ፥ በገበያ መካከል «ጦቢያ!» ብሎ ልጅን መጣራት ሕዝብን ለሰልፍ መጥራት ይመስላል። ፊያሜታ የሚለውን ያመጣው ኦሮማይን ባንድ ሌሊት የጨረሰ ልጅ ነው። በዓሉ ግርማ የኢሉባቦር፥ የሱጴ ልጅ ነውና የቡናው አገር ሰው ነው፤ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ታገደ፥ እርሱም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ስሙ ራሱ ግን ከኦሮማይ ስድስት መቶ ዓመት ቀድሞ ኢጣልያዊው ቦካቺዮ በድርሰቱ ውስጥ ላፈቀራት ሴት ያወጣው ነው። ሩት፥ አስቴርና ዮዲትም ተነሥተዋል፤ እያንዳንዳቸው በስማቸው የሚጠራ መጽሐፍ ስላላቸው የመጽሐፍ ስም አይደሉም የሚል የለም።

ይህ ሁሉ ሲኾን ዝም ብሎ የቈየው ጓደኛችን፥ የሕፃኒቱ አጎት፥ በሦስተኛው ማታ አንድ ነገር ተናገረ። እናቱ፥ ማለት የሕፃኒቱ አያት፥ ልጅቱ በተወለደች ዕለት የገዛ እናታቸውን ስም በቤንችኛ አውጥተውላታል። ስሙን በዚህ ወረቀት ላይ አንጽፈውም፤ አንደኛ የቤተ ሰቡ ነው፥ ሁለተኛም ብንጽፈው ልክ አይመጣም። የቤንች ቋንቋ አምስት ደረጃ ያለው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ስላለው፥ ያው ቃል በከፍታው ሲለያይ ሌላ ቃል ይኾናል። በፊደላችን ደግሞ ይህን የምናመለክትበት ምልክት የለንም። ጓደኛችን ስሙን ሲለው እንሰማለን፤ እኛ ስንደግመው ይሥቃል።

አያቲቱ ስሙን ሲጠሩ ብቻውን አይተዉትም። ማን እንዳወጣው፥ በምን ምክንያት እንደ ወጣ፥ ባለ ስሟ በወጣትነቷ ምን ተጠይቃ ምን እንደ መለሰች ይተርካሉ። ይህ ድርሰት ካልኾነ ድርሰት ምንድን ነው? ማተሚያ ቤት ስላልገባ ብቻ ነውን?

አባትየው ስሙን አልጠሉትም። ነገር ግን «የቤት ስም ይኹናት፤ ለትምህርት ቤት ሰብለ ትባል» ይላሉ። ልማዱ ይኸው ነውና አንፈርድባቸውም። በዚህ አገር ስንቱ ልጅ በቤቱ አንድ ስም፥ በመምህሩ መዝገብ ሌላ ስም ይዞ አድጓል! መምህሩ ስሙን መጥራት ሲያቅተው በሚቀለው ይለውጠዋል፤ ልጁም በዚያው ይቀራል፥ የምስክር ወረቀቱም በዚያው ይጻፋል። ከኛው መካከል እንዲህ የኾነባችሁ እጃችሁን አውጡ ብንባል ከቤንችም፥ ከሸኮም፥ ከካፋም፥ ከመዠንግርም የሚነሣው እጅ ጥቂት አይኾንም።

እኛ የምንለው ተገላቢጦሹን ነው። የአያቷ ስም በመዝገብ ይግባ፤ ሰብለ የቤት ስም ትኹን። ሰብለ የሚጠብቃት መጽሐፍ አላት፤ በየመጽሐፍ ቤቱ ትገኛለች፥ አትጠፋም። የአያቲቱ ስም ግን ከሰው አፍ በቀር ማደሪያ የለውም፤ ባንድ ትውልድ የቤት ስም ከኾነ በሚቀጥለው የማንም ስም አይኾንም።

ከመምህሮቻችን አንዱ፥ «ልጅቱ ነገ አዲስ አበባ ለሥራ ብትሄድ ስሟን የሚጠራላት አታገኝም» ሲሉ ተቃውመውናል። ይህ ለልጅቱ ከማሰብ የመጣ ስለ ኾነ አንንቀውም። ነገር ግን ይኸው የአዲስ አበባ ሰው ፊያሜታን ያለ ችግር ይጠራል። ለኢጣልያ ስም የተጣጠፈ ምላስ ለቤንች ስም እምቢ የሚልበት ምክንያት አይታየንም። ፑሽኪን በዩጂን ኦኔጊን ውስጥ ለልጅቱ ታቲያና የሚል ስም ሲሰጣት፥ ስሙ የባላገርና የገረድ ነው ተብሎ በሩስያ መኳንንት ዘንድ አይወደድም ነበር፤ ደራሲው ራሱ ይህን በግጥሙ ውስጥ ያነሣዋል። ዛሬ ታቲያና ሲባል ገረድ የሚያስብ ሩስያዊ ያለ አይመስለንም።

ጠባቂ ያላገኘ ስም ምን እንደሚደርስበት ደግሞ ቡናችን ታሳየናለች። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ከዚሁ ከጌሻ አካባቢ ጫካ የተለቀመ ዘር በታንዛንያና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ ደረሰ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በፓናማ ውድድር ካሸነፈ ወዲህም በዓለም ላይ እጅግ በውድ ከሚሸጡት ቡናዎች አንዱ ኾኗል። ስሙ ግን በመንገድ ላይ ጌይሻ ተብሎ ተጻፈና፥ ከጃፓን ሴቶች ጋራ የሚያያይዙት ጠጪዎች ተገኙ። ዋጋው ከፍ አለ፤ ያገሩ ስም ተሳሳተ።

ጊዜው አጭር ነው። የክርስትና ስሟን በ80 ቀኗ ካህኑ ስለሚያወጡላት በዚያ አንገባም። የልደት ምዝገባ ግን በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ በተጀመረው ሥርዐት መሠረት በ90 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት፤ ለትምህርት ቤትም ለመታወቂያም የሚከተላት እዚያ የተጻፈው ስም ነው። ይህ ወረቀት ሲባዛ ልጅቱ 26 ቀን ይኾናታል። ያሰብነውን ለአባትየው ነግረናቸው፥ «አያቷ በመዝጋቢው ፊት ቆመው ስሙን ይጥሩለት፤ እርሱ መጻፍ ከቻለ እኔ እፈርማለሁ» ብለዋል።

ስለዚህ የቤንችኛ ተናጋሪ የኾናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፥ የቋንቋ መምህሮቻችንም ጭምር፥ ስሙን ከነከፍታውና ከነዝቅታው የምንጽፍበትን ዘዴ እስከሚመጣው ቅዳሜ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብታሳዩን እንለምናለን። የአያቶቻችሁን ስም ከነታሪኩ ጽፋችሁ ለምታመጡም በሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ ተለይቶ ተቀምጧል።