ጥርስ የሌለው ጎማ

በክረምት ጠዋት ከመካኒሳ አቦ ተነሥተን ወደ ትምህርታችን የምንመጣ ተማሪዎች የታክሲውን ሰልፍ ጠንቅቀን እናውቀዋለን። ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን፣ በአቦ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ምእመናን ስለሚጨመሩ ሰልፉ ይረዝማል። ዣንጥላ የያዘ ላልያዘው ያካፍላል፤ ረዳቱ «ሳር ቤት፣ ሜክሲኮ!» እያለ ይጣራል። በሩ ሲከፈት ሁላችንም የምናስበው ቦታ ስለ ማግኘት እንጂ መኪናው በምን ላይ እንደ ቆመ አይደለም።

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ግን ከመካከላችን አንዱ ጐንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ ተመለከተ። ጥርሱ ፈጽሞ አልቆ እንደ ተወለወለ እብነ በረድ ለስልሷል። ሾፌሩን «ወንድም፣ ይኸ ጎማ እኮ አልቋል» ብንለው፣ ሳይቆጣ ስቆ፣ «የእሽቅድምድም መኪና ጎማስ መቼ ጥርስ አለው? እንዲያውም መሬት የሚይዘው ለስላሳው ነው። እናንተ የተማራችሁ አይደላችሁም እንዴ?» ሲል መለሰልን። ሳቅን፤ ገባንም። ጥቂት እንደ ሄድን ከፊታችን የነበረው መኪና በድንገት ቆመ። ሾፌሩ ፍሬን ቢይዝም ጎማው ሳይዞር መኪናው በውኃው ላይ ተንሸራቶ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተላተመ። በዚያ ጥግ በቆሎ እሸት የምትጠብስ አንዲት እናት ምድጃዋን ጥላ ዘለለች። ማንም አልተጐዳም፤ ከሰሉ ብቻ ጐርፍ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እርስዋ ግን ወደ መኪናው መስኮት እያየች ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆመች። እኛም ቀና ብለን ልናያት አልደፈርንም።

ይኸን የምንጽፈው ሾፌሩን ለመክሰስ አይደለም። መልሱ ከአእምሯችን አልወጣ ስላለ ነው። ከታክሲ ሾፌር ብቻ የሚሰማ አነጋገርም አይደለም። ከጓደኞቻችን መካከል እንኳ ሰፊና ለስላሳ የእሽቅድምድም ጎማ በቤት አውቶሞቢል ላይ ቢገጠም እንዴት እንደሚያምር፣ እንዴትስ እንደሚያስፈተልክ በምሳ ሰዓት ሲከራከሩ የምንሰማቸው አሉ። ክርክሩ ሐሰት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳቅ ይበቃው ነበር። ግማሹ እውነት ስለሆነ ግን መመርመር ይገባናል።

ጥርስ የሌለው ጎማ እውነተኛ ቦታው «ድራግ» በሚባለው እሽቅድምድም ነው። በዚህ ውድድር ሁለት መኪናዎች ጐን ለጐን ቆመው፣ መብራቱ ሲፈቅድላቸው በቀጥታ መንገድ ይወረወራሉ። ርቀቱ በጥንቱ ልማድ ሩብ ማይል፣ ማለት 402 ሜትር ያህል ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው በአምስት ደቂቃ ገደማ የሚጨርሰው መሆኑ ነው። በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ስኮት ካሊታ የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ ተወዳዳሪ በማጣሪያ ውድድር ላይ ከሞተ በኋላ፣ እጅግ ፈጣን ለሆኑት መኪናዎች ርቀቱ ወደ 305 ሜትር ገደማ እንዲያጥር ተደረገ። ሙያው የገባቸው ሰዎች እንኳ አደጋውን ሲያዩ መንገዱን አሳጠሩ ማለት ነው።

ለዚህ አጭር መንገድ የሚሠራው ጎማ በእውነት ለስላሳ ነው። ነገር ግን ለስላሳነቱ ብቻውን አይሠራም። ላስቲኩ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ገር ዓይነት ነው። ጐኑ ስስ ሆኖ እየተጨማደደ መሬቱን እንዲያቅፍ ንፋሱ በጣም ይቀነሳል። ተወዳዳሪው ከመነሣቱ በፊት ጭስ እስኪወጣው ድረስ ባለበት አሽከርክሮ ያሞቀዋል። መንገዱም ተጠርጎ የሚያጣብቅ ነገር ይፈስበታል። በመንገዱ ላይ መታጠፊያ የለም፤ እግረኛ የለም፤ በቆሎ ጠባሽ የለችም። እጅግ ፈጣኖቹ ለመቆም ከኋላቸው ጃንጥላ ይዘረጋሉ። ከሁሉም በላይ፣ ዝናብ ሲጥል ውድድሩ ይቆማል። መታጠፊያ ባለው በፎርሙላ ዋን ውድድርም ቢሆን ዝናብ ሲመጣ ለስላሳው ጎማ ወልቆ ቦይ ቦይ ያለው ጎማ ይገጠማል። ስለዚህ «የእሽቅድምድም ጎማ ጥርስ የለውም» የሚለው ሰው አረፍተ ነገሩን ከግማሽ ላይ ነው የቈረጠው። ቀሪው «ዝናብ እስኪመጣ ድረስ» የሚል ነው።

እንግዲህ ይኸን ጎማ ከዚያ መንገድ ነቅለን መካኒሳ ብናመጣው ምን ይሆናል? ቅዝቃዜው ላስቲኩን ያከረዋል። ስሱ ጐን በመታጠፊያ ላይ ይወላገዳል፤ ጕድጓድ ሲያገኝም ይሰነጠቃል። ዕድሜው በሩጫ ብዛት እንጂ በኪሎ ሜትር የሚቈጠር ስላልሆነ ገንዘቡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አስፋልት ላይ ተፈጭቶ ይቀራል። በውጭ አገር ለድራግም ለጐዳናም ተብለው ጥቂት መስመር ተቀርጾባቸው የሚሸጡ ጎማዎች አሉ። እነዚህን እንኳ በእርጥብ መንገድ እንዳንነዳ የሚያስጠነቅቁት ሠሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

የጎማ ጥርስ ለጌጥ አልተቀረጸም። መኪና መሬትን የሚነካው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ከሰው መዳፍ ብዙ አይበልጥም። መንገዱ ሲርስ በመዳፉና በአስፋልቱ መካከል የገባውን ውኃ ወደ ጐን የሚያስወጣው ያ ቦይ ነው። ቦዩ ከሌለ ጎማው በውኃው ላይ ይሳባል፤ ፍሬን የሚያቆመው ጎማውን እንጂ መኪናውን አይሆንም። ለዚህ ነው አዲስ የአውቶሞቢል ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጥርስ ይዞ የሚወጣው፤ በአውሮፓም ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የወረደውን ሕግ የሚከለክለው።

የታክሲያችን ጎማ ደግሞ የእሽቅድምድም ጎማ እንኳ አይደለም። የእሽቅድምድሙ ለስላሳ ሆኖ ተሠራ፤ የእኛው ተፍቆ ለሰለሰ። ያኛው ገር ነው፤ ይኸኛው በፀሐይና በዕድሜ ደርቋል። መልካቸው ይመሳሰላል እንጂ ሥራቸው አይገናኝም። ሾፌሩ ግን የሚዋሽ አይመስለንም። ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ባለው ረጅም የደረቅ ወራት ያ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ሳያሳፍረው ስለሚከርም ያምነዋል። በጋ ያስተማረውን የተሳሳተ ትምህርት ክረምት በአንድ ጠዋት ይፈትነዋል፤ ፈተናውን ግን የሚወድቀው እርሱ ብቻ ሳይሆን ከበስተኋላው የተሳፈርነው ሁሉ ነን።

«ታዲያ ለምን አይቀይረውም?» የሚል ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከጎማ አልፎ ወደ ኑሮ የሚገባው። በከተማችን ከንጉሡ ዘመን መጨረሻ አንሥቶ አዲስ ጎማ ተብሎ የተጀመረ፣ በኋላም ከስሎቫኪያው ማታዶር ጋር የተጣመረ ፋብሪካ ጎማ ሲሠራ ኖሯል፤ ይሁን እንጂ አገሪቱ ብዙውን ጎማ ከውጭ በምንዛሪ ነው የምታስገባው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ምን ያህል እንደ ተወደደ ለአንባቢ መንገር አያሻም። ከሾፌሮቹም ብዙዎቹ መኪናው የራሳቸው አይደለም። ማታ ማታ ለባለቤቱ የተወሰነ ገቢ ያስገባሉ፤ የተረፈው የእነርሱ ነው። ባለቤቱ «ትንሽ ይሂድበት» ይላል፤ ሾፌሩም እንጀራውን እንዳያጣ ይሄድበታል። ጎሚስታው ለሃያኛ ጊዜ ይለጥፈዋል። ለዓመታዊ ምርመራ ደኅና ጎማ ተውሶ ቦሎ የሚለጥፍ፣ በማግሥቱም አሮጌውን የሚመልስ አለ ሲባልም እንሰማለን። እንዲህ እየሆነ የጎማው ዋጋ ከባለቤቱ ኪስ ሳይወጣ ይቀራል። ዋጋው ግን አልጠፋም፤ በዚያች በቆሎ ጠባሽ እናት ትከሻ ላይ ነው የተጫነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ባለንብረቶች ሆይ፣ ጎማ የመኪናው ወጪ እንጂ የሾፌሩ ዕጣ አይደለም፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት፣ ቢያንስ የፊትና የኋላ ጥርሱን እዩ። ተቈጣጣሪዎች ሆይ፣ በዓመት አንድ ቀን በግቢ ውስጥ የሚታየው ጎማ በሐምሌ ዝናብ ጐዳና ላይም ይታይ። ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ሁለት ነገር ይቀረናል። አንደኛው፣ ከውጭ የመጣን ነገር መልኩን ብቻ አይተን ከማድነቃችን በፊት ለየትኛው መንገድ እንደ ተሠራ መጠየቅ ነው። መሐንዲስ ለመሆን የምንማር ሰዎች ይኸን ካልጠየቅን ማን ይጠይቅልን? ሁለተኛው ይበልጥ ቀላል፣ ይበልጥም ከባድ ነው። ያን ዕለት ጎማውን አይተናል፤ ተናግረናል፤ ከዚያም ስቀን ገብተናል። ክፍል ረፍዶብን ነበር። ብንቀር የምናጣው የአንድ ሰዓት ትምህርት ብቻ ነበር፤ ሰልፉ በሙሉ አብሮን ቢቀር ግን ባለቤቱ ማታ ገቢው ለምን እንደ ጐደለ መጠየቁ አይቀርም ነበር።

ክረምቱ ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ በመካኒሳ አቦ ሰልፍ ላይ ስንቆም፣ በሩ ሲከፈት ወደ ወንበሩ ከመሮጣችን በፊት አንድ ጊዜ ጐንበስ እንበል።