12 ዓመት ወታደር፣ 8 ዓመት ጥበቃ፦ ጡረታው የት ገባ?

ከመገናኛ ተነስታችሁ በኮተቤ ወይም በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ እንጦጦ ግርጌ ስትሄዱ ባንክ በር ላይ፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ ግንባታ ሳይት ላይ የቆመውን ጥበቃ አናግሩት። ብዙ ጊዜ የቀድሞ ወታደር ነው። 7 ዓመት፣ 10 ዓመት፣ 12 ዓመት አገልግሎ የወጣ። "ጡረታህስ?" ብትሉት ከሁለት አንዱን ይመልስላችኋል፦ "እሱማ ቀረ" ወይም "60 ሲሞላኝ ይሰጡኛል"። ሁለቱም ግን በደንብ ሲታዩ ልክ አይደሉም።

የመከላከያና የፖሊስ አባላት ጡረታ የሚመራው ከሲቪል ሠራተኛው ጋር በአንድ አዋጅ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። ከወታደሩ ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ መንግሥት ደግሞ በላዩ 25 በመቶ ያዋጣል። ለሲቪል ሠራተኛ የሚያዋጣው 11 በመቶ ነው። ማለትም አንድ ወታደር ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር የደመወዙን 32 በመቶ የሚያህል ገንዘብ በስሙ ፈንድ ውስጥ ይገባል። ቀላል ብር አይደለም።

ጥያቄው ቀድሞ ሲወጣ ምን ይሆናል ነው። 714 ያስቀመጠው መስመር እንዲህ ነበር፦ በገዛ ፈቃድህ ለቀህ ከወጣህ ቢያንስ 20 ዓመት ማገልገል አለብህ። ያኔም ቢሆን አበሉ የሚጀምረው በወጣህ ማግስት ሳይሆን የጡረታ መውጫ ዕድሜህ ሲደርስ ነው። 10 ዓመት የሚበቃው ሥራ ላይ እያለህ ዕድሜው ከደረሰ ነው። ያ "60" የሚሉት ቁጥር ደግሞ የሲቪሉ ነው፤ የሠራዊቱ ዕድሜ እንደ ማዕረጉ ይለያያል። በግዳጅ ላይ ተጎድቶ የወጣ ሰው ጉዳይ ለብቻው ስለሚታይ እዚህ አላነሳውም።

እንግዲህ 12 ዓመት አገልግሎ የለቀቀው ሰውዬ መሃል ላይ ተንጠልጥሏል። ዝም ብሎ ከጠበቀ የሚመጣለት ወርሃዊ አበል የለም። ግን ደግሞ 12ቱ ዓመት አልጠፋም። በመንግሥት ቤትም ሆነ በግል ድርጅት ተቀጥሮ የጡረታ መዋጮ ከተከፈለለት አዲሱ አገልግሎት በድሮው ላይ ይደመራል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፦ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የቀድሞ ወታደር በብዛት የሚገባበት ሥራ ጥበቃ ነው፣ ጥበቃ ደግሞ በኤጀንሲ በኩል ነው። ባንኩ ወይም ድርጅቱ ለኤጀንሲው ይከፍላል፣ ኤጀንሲው ከዚያ ላይ ቀንሶ ለጥበቃው ይሰጣል። የጡረታ መዋጮው በስሙ እየገባ መሆኑን የሚጠይቅ ጥበቃ ስንት ነው? አንዳንዱ የደመወዝ ወረቀት (ፔይሮል) ላይ ፈርሞ ይቀበላል እንጂ ምን እንደተቆረጠበት አያነብም። አንዳንዱ በየዓመቱ ኤጀንሲ ይቀያይራል። 8 ዓመት በር ላይ ቆሞ መዋጮው ካልገባ ግን ለጡረታ አንድ ቀንም አልሠራም። በእኔ አመለካከት የቀድሞ ወታደር ጡረታ የሚሞተው ካምፕ ውስጥ ሳይሆን ኤጀንሲ ቢሮ ውስጥ ነው።

20 ዓመት የሞላውስ? ስሌቱን እንየው። ለመጀመሪያው 10 ዓመት የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደር 1.65 በመቶ ይጨመራል። ለሲቪሉ 1.25 ነው። እንበል አማካይ ደመወዙ 5,000 ብር ነበር። 30 ሲደመር 16.5፣ 46.5 በመቶ። በወር 2,325 ብር።

ይህ ብር መነሻው ሲወጣ የነበረው ደመወዝ ነው። በ40 ዓመቱ ወጥቶ እስኪከፈለው የሚጠብቅ ሰው የዛሬውን ደመወዝ ይዞ ወደ ነገ ገበያ ይሄዳል ማለት ነው። ለማነጻጸር፦ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 1,100 ብር ነበር፣ ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 4,760 ሆነ። ከዚያ በፊት በድሮው ስኬል የለቀቀ ሰው ስሌቱ በድሮው ቁጥር ነው። ጤፍ ሻጯ ደግሞ በስንት ዓ.ም. እንደለቀቅህ አትጠይቅህም።

"መንግሥት ባለበት ጡረታ የት ይሄዳል?" የሚል አይጠፋም። እዚሁ የካ ውስጥ ኮሪያ ሰፈር የሚባል አለ። ስሙ የመጣው ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ነው። በእርጅናቸው ለብዙዎቹ የደረሰላቸው ከደቡብ ኮሪያ የሚላክ ድጎማ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ የደርግ ሠራዊት ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር በአንዴ ሜዳ ላይ ቀረ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ ዩኒፎርም ለብሶ የሚለምን ሰው ያዩ ግን ዛሬም ያወሩታል። በ2010 ዓ.ም. በተቃራኒው የሜጀር ጄኔራል ዓለምሸት ደግፌና የብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌ ማዕረግ ተመልሶ ጡረታቸው እንዲከበር ተወሰነ። ለጄኔራል የሚወስንለት አለ። ለአስር አለቃ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ስለ ወረቀት ካነሳን፣ ሠራዊት ውስጥ ያላችሁ ወይም ወንድም ያላችሁ ይህን ያዙ። የመልቀቂያው ደብዳቤ ላይ በምን ምክንያት እንደወጣህ እና ከመቼ እስከ መቼ እንዳገለገልህ በትክክል መጻፉን ሳታይ አትውጣ። የጡረታ መለያ ቁጥርህን አዲሱ አሠሪህ ጋ ራስህ ውሰድ፣ እንደ አዲስ ሠራተኛ እንዳይመዘግብህ። መዋጮው መግባቱንም የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቢሮ ሄደህ በስምህ አስፈትሽ። ዕድሜም አለ፤ ለጡረታ የሚቆጠረው መጀመሪያ ስትቀጠር ቅጹ ላይ የሞላኸው ነው። 18 ሳይሞላው "ሞልቶኛል" ብሎ የፈረመ ልጅ ፋይዳ ላይ እውነተኛውን ቢያስመዘግብም ፋይሉ ውስጥ ያለው ያኔ የጻፈው ቁጥር ነው።