የቆጮ ጉድጓድና የታይፎይድ ኪኒን

«ታይፎይዴ ተነሳብኝ» ማለት በሐድያና በከምባታ ከተሞች፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሾኔ እንግዳ አይደለም። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የሆድ ቁርጠት ሲመጣ በሽታው ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ሰንብቶ የነቃ ያህል ይወራል፤ ከመድኃኒት ቤትም ሲፕሮ ወይም አሞክሳሲሊን ይገዛል። ታይፎይድ ግን ሳልሞኔላ ታይፊ የተባለው ባክቴሪያ በተበከለ ውኃ ወይም ምግብ አንጀት ገብቶ ወደ ደም ሲዘልቅ የሚይዝ በሽታ ነው። ካልታከመ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንጀት እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የሚናቅ በሽታ አይደለም፤ ጥፋቱ ስሙ ያለ በቂ ማስረጃ መታደሉ ነው።

ስሙን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ዊዳል የሚባለው ምርመራ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ የሚፈልገው ባክቴሪያውን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ለባክቴሪያው ያዘጋጀውን አንቲቦዲ ነው። ባለሙያው ከታማሚው ደም የተለየውን ሴረም በነጭ ሰሌዳ ላይ ያንጠባጥባል፤ ቀለም የገባበት የሞተ ባክቴሪያ ይጨምርበትና በስንጥር ቀላቅሎ ሰሌዳውን አንድ ደቂቃ ያህል ያወዛውዘዋል። ጠብታው እንደተበላሸ ወተት ከቋጠረ «ፖዘቲቭ» ነው። ይሁን እንጂ አንቲቦዲ ከዳነ በሽታ በኋላም ለወራት በደም ውስጥ ይቆያል፤ ሌሎች የሳልሞኔላ ዘሮች፣ ክትባትና ወባም ጠብታውን ሊያቋጥሩት ይችላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ270 የትኩሳት ታማሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አብቅሎ በሚለይ ምርመራ፣ ባክቴሪያው የተገኘባቸው በዊዳል ፖዘቲቭ ከተባሉት እጅግ ያነሱ ነበሩ። ካልቸርም ቢሆን አንዳንዱን ታማሚ ያመልጠዋል፤ የተገኘውን ግን ማንነቱን በስሙ ይናገራል።

ያለ ማስረጃ የተዋጠ የአንቲባዮቲክ ኪኒን የሚያስከፍለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። የአንጀት ነዋሪዎች የሆኑትን ባክቴሪያዎችም ይነካል። የሕፃናት ሐኪሙ ቴዎዶር ኤሸሪክ እ.ኤ.አ. በ1885 በሕፃናት ሰገራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ለይቶ ጻፈ፤ ዛሬ በእሱ ስም ኤሸሪኪያ ኮላይ (ኢ. ኮላይ) ይባላል። ጤነኛ አንጀትም የባክቴሪያ መኖሪያ መሆኑ እየታወቀ የመጣው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። እነዚህ ነዋሪዎች ያልተፈጨውን የእህልና የአትክልት ቃጫ አብላልተው የአንጀት ግድግዳ ሕዋሳት የሚመገቡትን አሲድ ይሠራሉ፤ ምግቡንና ቦታውን ስለያዙትም ለመጤ ተውሳክ የሚተርፍ የለም።

የዚህ ጥበቃ ልክ በቁጥር የታየው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማርጆሪ ቦንሆፍና ባልደረቦቿ አይጦችን ሳልሞኔላ መገቡ። ጤነኛ አይጥን ለማስያዝ 100,000 ያህል ባክቴሪያ ያስፈልግ ነበር፤ አስቀድመው ስትሬፕቶማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ የዋጡትን ለማስያዝ ግን ከ10 ያነሰ በቃ። ጠባቂው ሲወገድ በር ተከፈተ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ ብርቱ ተቅማጥ የሚይዛቸው የብዙ ሰዎች ችግር መንስኤ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለ ባክቴሪያ መሆኑ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ይህ በሽታ የተመላለሰባቸውን ሰዎች በጤነኛ ሰው ሰገራ አከመ፤ ከ16ቱ 13ቱ በመጀመሪያው ሙከራ ዳኑ፤ ቫንኮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት ግን 4 ነበሩ። ፈውሱ የተገኘው ነዋሪዎቹን ወደ ቦታቸው በመመለስ ነው።

ለሐድያና ለከምባታ ሰው ይህ ነገር ሩቅ አይደለም፤ በየጓሮው የቆጮ ጉድጓድ አለና። ሴቶች እንሰቱን ፍቀው፣ በኮባ ጠቅልለው፣ ድንጋይ ጭነውበት ይቀብሩታል፤ በየጊዜውም ከፍተው ያገላብጡታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ ብርሃኑ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጥናት ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ተራ ገልጿል። መጀመሪያ ሌኮኖስቶክ የተባለው ባክቴሪያና መሰሎቹ ይሠራሉ፤ ቀጥሎ ላክቶባሲለስ ይረከባቸዋል፤ የሊጡ ፒ.ኤች.ም ከ6.5 ወደ 4.2 ይወርዳል፣ ማለትም ሊጡ ይኮመጥጣል። በዚህ ኮምጣጣ ቤት ብዙው የሚያበሰብስ ባክቴሪያ መኖር ያቅተዋል። ቆጮ ሲጋገር ባክቴሪያዎቹ ስለሚሞቱ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ ጉድጓዱና አንጀቱ የሚመሳሰሉት በሕጋቸው ነው፤ ደጉ ነዋሪ ቦታውን ከያዘ ክፉው አይገባም። የደረሰ ጉድጓድ ላይ መርዝ የምታፈስ ባለሙያ የለችም፤ አንጀት ላይ ግን በጥርጣሬ ብቻ ይፈሳል።

መውጫው አንቲባዮቲክን መጥላት አይደለም፤ በካልቸር የተረጋገጠ ታይፎይድ፣ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከትኩሳት ጋር፣ በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን ይፈልጋል፤ ኮርሱም መጠናቀቅ አለበት። ውኃ ለመሰለው ተራ ተቅማጥ ግን የሚቀድመው የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ የሸሹ ስደተኞች በሰፈሩበት መጠለያ ኮሌራ ሲገባ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ቢያልቅበት ስኳርና ጨው በውኃ በጥብጦ አጠጣ፤ ከመቶ 30 ያህል ይደርስ የነበረው ሞት ወደ 4 ገደማ ወረደ። በየጤና ጣቢያው የሚታደለው ኦ.አር.ኤስ. የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው፤ ለሕፃናት ከዚንክ ጋር ይሰጣል። አሜባና ጃርዲያም በግምት ሳይሆን በሰገራ ምርመራ ታይተው ይታከማሉ።

የቀረው የላቦራቶሪ ጉዳይ ነው። የደም ካልቸር ውጤት ሁለት፣ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መሣሪያና የሠለጠነ ሰውም ይፈልጋል። ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕና ላይ አለ፤ ከተማዋም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ማዕከል ናት። ካልቸር በሆሳዕና ሳይወሰን ዱራሜና ሾኔ ላሉ ታማሚዎችም ቢደርስ፣ «ታይፎይድ» የሚለው ቃል በአብዛኛው ባክቴሪያው ለተገኘበት ሰው ይቀር ነበር። ሌላው ደግሞ የትኩሳቱን እውነተኛ ምክንያት ወደ መፈለግ ይሄዳል፤ የአንጀቱን ጠባቂዎችም በከንቱ አያጣም።