ቁልፉ በማን እጅ ነው?

የምሥጢር ጽሑፍ ቴክኖሎጂ የመንግሥታትን ስለላ ድል ይነሣል የሚለው አባባል ጠለቅ ብሎ ሊመረመር ይገባል እንላለን። ክሪፕቶ ኤ ጂ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ከ120 ለሚበልጡ አገሮች የምሥጢር መጻፊያ መሣሪያ ሸጧል። ይሁንና እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ስውር ባለቤቶቹ ሲ.አይ.ኤ.ና የምዕራብ ጀርመን የስለላ ድርጅት እንደነበሩ በ2020 ተጋለጠ። ብዙዎቹ ገዢዎች ምሥጢራቸውን የቆለፉት ሰላዩ ራሱ በሠራው ቁልፍ ነበር። ዛሬም ፔጋሰስን የመሰለ የስለላ ፕሮግራም የተቆለፈ መልእክት መስበር አያሻውም፤ ስልኩ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ሳይቆለፍ ያነበዋል። ይህ ሲባል ምሥጢር ጽሑፍ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ በሚገባ የተሠራው የጅምላ ስለላን ያከሽፋል። ሆኖም መሣሪያውን ራሱ መርምሮ መጠበቅ ያልቻለ አገር፣ ቁልፉን ለባዕድ አስረክቦ በሬን ዘግቻለሁ ቢል ራሱን ከማታለል አያልፍም።